ቀበና ላይ፣ በ8 ካሬ ጓሮ፣ ኦርጋኒክ አትክልት ይለማል ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ቀበና አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አባወራ ሆነን ነው የምንኖረው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ 2 በ4 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ጎረቤታችን ቤት ሲያድስ ፍርስራሽ የደፋበት ነው። ክረምቱም ወጥቷል፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ልተክልበት አስቤያለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ኦርጋኒክ ኦርጋኒክ ይላል፣ ሱፐርማርኬትም በውድ ይሸጣል። ኬሚካል ካልጨመርኩበት ኦርጋኒክ ሆነ ማለት ነው? ሰውስ ለምንድነው የሚመርጠው? ወንድሜ ከገጠር አንድ ኪሎ የሚሆን ዩሪያ አምጥቶልኛል፤ ትንሽ ጣል ባደርግበት ምን ችግር አለው? ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።»

እህቴ፣ ፍርስራሹን ስለጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው እሱን ሳይነግረኝ ነው ስለ ማዳበሪያ የሚጠይቀኝ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ኬሚካል አለመጨመር ብቻውን ኦርጋኒክ አያሰኝም። ምንም ሳይጨምሩ ዝም ብለው ቢተክሉ አፈሩ ያለውን ይሰጥዎታል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ጎመኑም ይቀጭጫል። የኦርጋኒክ አትክልተኛ ዋና ሥራው አፈሩን መመገብ ነው። ተክሉን አፈሩ ይመግበዋል። ሁለተኛ፣ መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከማዳበሪያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ አፈሩና ውሃው ከየት መጡ? በተበከለ አፈር ላይ፣ በወንዝ ፍሳሽ የበቀለ ሰላጣ ዩሪያ የሚባል ነገር ባይነካውም እኔ ለልጅ አልሰጥም። ቦታዎ ግን ይበቃል። 8 ካሬ በደንብ ከተያዘ የቤት ቅጠላ ቅጠልን ትልቁን ድርሻ ይችላል።

እንግዲህ ከመሬቱ እንጀምር።

የቤት ፍርስራሽ ውስጥ ሲሚንቶ አለ፣ ኖራ አለ፣ ምስማር አለ፣ ተቀርፎ የወደቀ ቀለም አለ። ሲሚንቶና ኖራ የአፈሩን አሲድነት ከሚገባው በላይ ያጠፉታል። ያኔ ብረትና ማንጋኒዝ አፈሩ ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው ያቅተዋል። ምልክቱ በዓይን ይታያል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ግን ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሊድ (እርሳስ) የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ ነበረ። ቤንዚን ውስጥም ይጨመር ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ግድም ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ከመኪና ጭስ ጋር የወጣው ሊድ መንገድ ዳር ያለ አፈር ላይ አርፏል። ሊድ አይበሰብስም፤ ዝናብም በቀላሉ አጥቦ አይወስደውም። የልጅን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ደግሞ አብዛኛው ወደ ልጅ ሰውነት የሚገባው በአትክልቱ በኩል አይደለም፤ ልጁ አፈር ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከግቢው ሲገቡ እጃቸውን መታጠባቸው ከምንም የአትክልት ምክር ይቀድማል።

በዚህ ምክንያት እርስዎ ቦታ ላይ መቆፈርን አልመክርም። ወደ ላይ ይውጡ። የሚታየውን ፍርስራሽ ይልቀሙ፣ መሬቱን ያስተካክሉ፣ ያረጀ የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግተው በላዩ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ጆንያው ውሃ ያሳልፋል፣ ሥሩ ግን ወደ ታችኛው አፈር እንዳይወርድ ይይዘዋል። ዙሪያውን በሁለት ረድፍ ብሎኬት ወይም በድንጋይ ይከልሉት። መደቡ ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚሆን ከአንድ ወገን ብቻ ነው እጅዎ የሚደርሰው፤ ስፋቱ ከ60 ሳንቲ አይብለጥ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ የአፈሩ ጥልቀት 30 ሳንቲ ቢሆን ሦስት ሩብ ሜትር ኩብ የማይሞላ አፈር ይበቃዋል። በካሪዮላ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ቢመላለሱ ይሞላል። በዚህኛው ወገን አንድ መደብ ይጀምሩ፤ ሁለተኛውን በሌላኛው ወገን ለከርሞ ያቆዩት፣ መሃሉ መሄጃ ይሆናል። የግቢው አጥር መንገድ ላይ ከሆነ ወይም የድሮ ቀለም የሚቀረፍበት ግድግዳ ካለ፣ መደቡ ከዚያ ይራቅ።

የሚሞላው አፈር በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ሻጩን ከየት እንደተነሳ ይጠይቁት። ከወንዝ ዳር ወይም ከፈረሰ ሰፈር ከሆነ ይለፉት። ቀይ አፈር ብቻውን ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይጠጥራል። ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ወይም የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉበት።

ውሃው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ቀበና ወንዝ ቅርብዎ ነው፤ በፈረቃ ውሃ ሲጠፋ ከዚያ መቅዳት ያጓጓል። አይቅዱ። የከተማችን ወንዞች የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ ይዘው ነው ወደ አቃቂ የሚወርዱት። በአቃቂ ወንዞች መስኖ በሚለማ አትክልት ላይ ለዓመታት በተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና ሊድ የተባሉ መርዛማ ብረቶች ተገኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ነው። ከአትክልት ሁሉ አብዝቶ የሚይዘው ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉ ነው፤ እርስዎ ሊተክሉት ያሰቡት ማለት ነው። የሰገራ ተህዋስያንና የወስፋት እንቁላልም አለ። ይህን ስል እዚያ የሚያለሙትን ገበሬዎች እየወቀስኩ አይደለም። ከተማው የሚበላው በነሱ ላብ የለማውን ሰላጣ ነው፤ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ የለቀቁት ግን እነሱ አይደሉም።

የቧንቧ ውሃ ይበቃዎታል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። የእርስዎ መደብ 2.4 ካሬ ነው፤ ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው። ጠዋት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሥሩ ላይ ያጠጡ። አትክልትና እህል ያጠቡበትን ውሃ አይድፉት፣ ለመደቡ ይሁን። በኦሞ ልብስ የታጠበበትን ግን አያጠጡ፤ ጨውና ሶዲየም አፈሩን ያበላሻል። በልግ ሲመጣ ከጣሪያው አሸንዳ ወደ በርሜል ውሃ መያዝ ይችላሉ። አንድ ካሬ ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራውን ይዞ ስለሚመጣ እሱን ያፍስሱት።

አሁን ወደ ብስባሹ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የኦርጋኒክ ሥራ ልቡ እዚህ ነው።

አያቶቻችን ያውቁታል። በየገጠሩ ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ከሩቁ ማሳ የሚለመልመው አመዱ፣ ጥራጊው፣ ፍጉ እዚያ ስለሚደፋ ነው። የጉራጌ እንሰት ለዘመናት በአንድ ቦታ ላይ የኖረው በከብቱ ፍግ ነው። የውጭዎቹም ቢሆኑ ከገበሬ ነው የተማሩት። አልበርት ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሕንድ ኢንዶር ላይ ሲሠራ የአገሬውን ገበሬ ልማድ አጥንቶ ነው የኢንዶር የብስባሽ ዘዴ የሚባለውን ያወጣው። በእኛ አገር ደግሞ በሳይንቲስቶቹ በዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የተመራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ተጀመረ። በተራቆተ መሬት ላይ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምርቱ ኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ይህንን የሠሩት ደሃ ገበሬዎች ናቸው፤ በእጃቸው ባለ ነገር።

እርስዎ እጅ ያለው ምንድነው? ሁለት ዓይነት ነገር ነው የሚፈለገው፣ እርጥብና ደረቅ። እርጥቡ ናይትሮጅን ያመጣል፤ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ሦስት አባወራ ቡና ሲያፈላ የሚወጣው አተላ ቀላል አይደለም፣ አያስጥሉ። ደረቁ ካርቦን ያመጣል፤ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ሰጋቱራ። ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማ ተጠርጎ ከሚጣል እዚህ ይግባ። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 25 ወይም 30 እጥፍ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ቤት ውስጥ ይህ አይለካም። አንድ ባልዲ እርጥብ ሲደፉ በላዩ ሁለት ባልዲ ደረቅ ያልብሱት፣ ይበቃል።

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ሲያመጡ ከምን እንደወጣ ይዩ። ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ የወጣ ሙጫ አለበት፤ አይሆንም። የባህር ዛፍ ቅጠል ሌላውን ተክል የሚያቀጭጭ ነገር ስላለው እፍኝ ካልሆነ አይብዛ። ሰፈር ውስጥ ገራባ (የጫት ትራፊ) በጆንያ በጆንያ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ነጻም ነው። ግን ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ በጥናት ተረጋግጧል፣ የተከለከለው ዲዲቲም ሳይቀር ተገኝቶበታል። ለምግብ መደብ ገራባን እኔ አልጠቀምም። የከሰል አመድ ለቀይ አፈር ጥሩ ነው፣ ፖታሲየም አለው፣ አሲዱንም ያበርዳል፤ በወር አንድ እፍኝ በስሱ ይነስንሱ። ከሰሉን በፌስታል የሚያቀጣጥሉ ከሆነ ግን አመዱን ይጣሉት።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት፣ የወጥ ትራፊ፣ እንጀራ አይግባ። አይጥ ይጠራል፣ ከጎረቤት ጋርም ያጣላል። ክዳን ያለው በርሜል ወይም የእንጨት ሳጥን ያዘጋጁ። ታችና ጎኑ ላይ አየር ማስገቢያ ይብሱ፣ ከታች አይጥ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ ያንጥፉ።

እርጥበቱን በእጅ ነው የሚያዩት። አንድ እፍኝ ያውጡና ጠበቅ አድርገው ይጨብጡት። ከጣቶችዎ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልኩ ነው። ከወረደ በዝቷል፤ ካርቶን ይጨምሩ። እጅዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፤ ውሃ ያርከፍክፉ። መሽተት ከጀመረ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ነገር ጨምረው በሳምንት አንዴ ያገላብጡት። በደንብ የተያዘ ብስባሽ አይሸትም።

አንድ ነገር ይወቁ። ክምሩ አንድ ሜትር ኩብ ሲደርስ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይግላል፣ የአረም ዘርና ጀርም ይገድላል። የእርስዎ በርሜል እዚያ አይደርስም። ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚበሰብሰው፣ በአዲስ አበባ አየር ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ዘር የያዘ አረም፣ ጥሬ እበትና የዶሮ ኩስ አይክተቱበት። ከከተማ የወተት ከብት አርቢዎች ፍግ የሚገዙ ከሆነ የበሰለውን ይጠይቁ። የበሰለ ፍግ እበት እበት አይሸትም፣ እጅ ሲገባበት አይሞቅም፣ ገለባው አይለይም። ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ጥሬውን የሚበላ አትክልት እስኪነሳ ቢያንስ 120 ቀን ሊያልፍ ይገባል። ይህ ለሰላጣ ቀልድ አይደለም።

«ሰው ለምን ይመርጠዋል?» ላሉት፣ ሁሉም ሰው በአንድ ምክንያት አይደለም። እኔ ከምሰማቸው ምክንያቶች አንዳንዱ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የተጋነነ ነው።

ጠንካራው የፀረ ተባይ ቅሪት ነው። በተለይ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ብዙ ይረጭባቸዋል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት መያዣው ላይ ተጽፏል። ገበያ ላይ ዋጋ ሲወጣ ግን ያንን የሚጠብቅ ሁሉም አይደለም። በኦርጋኒክ መንገድ የለማ ምርት ላይ ቅሪቱ በግልጽ ያነሰ መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል። እኔን ከበላተኛው እኩል የሚያሳስበኝ ረጪው ነው። ያለ ጓንት፣ ያለ አፍ መሸፈኛ፣ መርዙን ጀርባው ላይ ተሸክሞ የሚውለው ወጣት። ባዶው የመርዝ እቃ ታጥቦ ውሃና ዘይት ሲያዝበት አይተው ይሆናል። ኦርጋኒክን የመረጠ ሰው ያንን ሰንሰለት በራሱ በኩል ይቆርጣል። ለእኔ ይህ ትልቁ ምክንያት ነው።

የተጋነነው ደግሞ ቫይታሚኑ ነው። ኦርጋኒክ ጎመን ከሌላው ጎመን በንጥረ ነገር እጅግ ይበልጣል የሚለውን ማስረጃው አይደግፈውም፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጣዕሙ ይለያል የሚሉት እውነት አላቸው፣ ግን አብዛኛው ከትኩስነቱ ነው። ጠዋት ተቀጥፎ ለምሳ የቀረበ ሰላጣ ሁለት ቀን በመኪና ከተንገላታው ጋር አይወዳደርም። ምርቱም ይቀንሳል፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች በአማካይ 20 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ነው ያገኙት። ለትልቅ ማሳ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ለ2.4 ካሬ መደብ ግን ማንንም አያስርብም።

ሌላው ቆሻሻው ነው። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። ያ ሁሉ ለዓመታት የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ላይ ሲከመር ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። እዚያ የሞቱት ሰዎች ቤታቸው የነበረው እኛ በጣልነው ልጣጭ ግርጌ ነው። ከእርስዎ ግቢ የሚወጣው ልጣጭ መደቡ ላይ ቢቀር ለከተማው ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ትክክለኛ ነገር ነው።

ሱፐርማርኬት ስለሚሸጠው ደግሞ እንዲህ ልበል። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት። ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ወደ ውጭ ለሚላክ ቡና፣ ሰሊጥና ማር ነው። የውጭ ገበያ ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፤ ለምሳሌ አውሮፓ አንድ ማሳ ኬሚካል ካቆመ በኋላ ለዓመታዊ ሰብል የሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ ሰላጣ ላይ የተጻፈ «ኦርጋኒክ» ከጀርባው መርማሪ ላይኖረው ይችላል። ሲገዙ ማን እንዳለማው፣ የት እንደለማና በምን ውሃ እንደጠጣ ይጠይቁ። የሚመልስ ሻጭ ካገኙ ደንበኛ ያድርጉት።

ወደ ዩሪያው ልመለስ። መርዝ አይደለም፣ እንዳያስፈራዎት። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሥሩ መጨረሻ ላይ የሚወስደው ናይትሮጅን ከብስባሽም መጣ ከዩሪያ አንድ ነው። ልዩነቱ አፈሩ ላይ ነው። ብስባሽ ናይትሮጅኑን ቀስ እያለ ይለቃል፣ የአፈሩን ትልና ተህዋስያን ይቀልባል፣ ውሃ ይይዛል። ዩሪያ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። እየቆየ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ናይትሮጅን ያገኘ ጎመን ደግሞ ለስላሳ ቅጠል ያወጣል፣ ያንን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ይወደዋል። መጠኑም አስቸጋሪ ነው። ገበሬው ለዓመታት የሚያውቀው 100 ኪሎ ለሄክታር ነው። ያ ለእርስዎ መደብ ሲሰላ 24 ግራም ብቻ ነው። በእፍኝ «ትንሽ ጣል» ካደረጉ ከልክ በላይ አልፈዋል፣ ችግኙ ይቃጠላል። ኦርጋኒክ ላድርገው ካሉ ደግሞ ዩሪያ ከገባ ነገሩ አበቃ። ወንድምዎ ሲመጡ ይመልሱላቸው፤ ማሳቸው ላይ ይጠቅማል። እስከዚያ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡት።

ክሽክሽን ካነሳሁ አይቀር፣ ጎመን ከተከሉ መምጣቱ አይቀርም። አዲሱ ቅጠል መኮማተር ሲጀምር ገልብጠው ይዩት። አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ደቃቅ ነፍሳት ተጠጋግተው ያያሉ። ቅጠሉ ያጣብቃል፤ ግንዱ ላይ ጉንዳን ይወጣል ይወርዳል፣ የሚያወጡትን ጣፋጭ ነገር ስለሚወደው ይጠብቃቸዋል። በጣም የተያዘውን ቅጠል ይቁረጡ፣ ሌላውን በውሃ ግፊት ጠዋት ጠዋት ይጠቡ። ካልበረደ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፋቀ ተራ የገላ ሳሙና አሟሙተው የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፣ ከሰዓታት በኋላ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት።

ግን ከመርጨትዎ በፊት አተኩረው ይዩ። ከመሃላቸው ያበጡ፣ የነሐስ ቀለም የያዙ፣ የማይንቀሳቀሱ ካሉ፣ ውስጣቸው ደቃቅ ተርብ እያደገ ነው፤ አይንኳቸው። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው እሾሃም ትልም ሊያዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው ያስፈራውና ይጨፈልቀዋል። እሱ የቀይ ባለ ነጥቧ ጥንዚዛ ልጅ ነው፣ ምግቡ ክሽክሽ ነው። ድንብላል በመደቡ ጥግ ዘርተው ይተዉት፣ ያብብ። አበባው ክሽክሽ የሚበሉትን ነፍሳት ይጠራል።

ችግኝ በሌሊት ከአፈሩ ጋር እኩል ተቆርጦ ካደረ ቆራጭ ትል ነው። የሀይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው እንደ ቀለበት ችግኙን ያልብሱት፣ ሁለት ሳንቲ ወደ አፈሩ ይስመጥ። ቀንድ አውጣ የክረምት ጉዳይ ነው፤ ማታ በባትሪ ይለቀማል።

ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ገር ነው ብለው ግን አይመኑ። የትምባሆ ውሃ የሚረጩ አሉ፤ ኒኮቲን ከባድ መርዝ ነው፣ ቆዳም ያልፋል። ብርብራ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚወቀጥ ዛፍ ነው፤ ተባይ የሚገድለው ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ ሁለቱንም አልመክርም።

አሁን ጥቅምት ነው፣ ጊዜው ጥሩ ነው። ሰማዩ ክፍት ነው፣ የክረምቱ ፈንገስ በርዷል። የመደቡን ወገን ከመምረጥዎ በፊት አንድ ቀን ፀሐይዋን ይከታተሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ስለምታጋድል በደቡብ በኩል ያለ ግድግዳ ረጅም ጥላ ይጥላል። ጎመን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሰላጣና ቆስጣ በአራት ሰዓትም ይሆናሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ የሀበሻ ጎመንን አይጎዳውም። ቲማቲምን ግን ዘንድሮ ይተዉት፤ ብርድ አይወድም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቅጠልና ግንዱን የሚያጠቁር ፈንገስ ያጠፋዋል።

ዘር ሲገዙ ቀይ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የተቀባ ካዩ ፀረ ፈንገስ ነው፣ ያልተቀባውን ይጠይቁ። የሀበሻ ጎመን ዘር ግን ከሰው ቢያገኙ ይሻላል። አንድ ሁለቱን ግንድ ሳይቀጥፉ አበባ እንዲያወጡ ቢተዉ፣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ለከርሞ የራስዎ ዘር ይኖርዎታል።

መደቡን በሦስት ይክፈሉት። በአንዱ ጎመን በ40 ሳንቲ ርቀት፣ በአንዱ ቆስጣ በ30፣ በአንዱ ሰላጣ በ25 ይትከሉ። በመሃል ባዶ አፈር አይተዉ፤ በደረቅ ሳር ወይም በቄጠማ ይጎዝጉዙት፣ የሚያጠጡትን ውሃ በጣም ይቀንስልዎታል። ጎመንና ቆስጣን ከነሥሩ አይንቀሉ፣ ከታች ያለውን የደረሰ ቅጠል ብቻ ይቅጠፉ። ችግኝ ከተከሉ በስድስት ሳምንት ግድም መቅጠፍ ይጀምራሉ፣ ለወራትም ይሰጥዎታል። በሚቀጥለው ዙር ጎመን በነበረበት ባቄላ ይዝሩ። ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ፤ ሲያነሱት ግንዱን ቆርጠው ሥሩን እዚያው ይተዉት።

ከሌሎቹ ሁለት አባወራዎች ጋር ከመጀመርዎ በፊት ይነጋገሩ። በርሜሉ የጋራ ቢሆን ልጣጩ በሦስት እጥፍ ይመጣል፣ ብስባሹም ቶሎ ይሞላል። የሚገባውና የማይገባው ምን እንደሆነ በካርቶን ጽፈው ክዳኑ ላይ ይለጥፉት። በየወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያዎች አሉ፤ ችግኝ የሚገኝበትን ሊጠቁሙዎት ይችላሉ። ሁለተኛውን መደብ ሲያስቡ የመጀመሪያውን አፈር ሁኔታ ጽፈው ይላኩልኝ፣ ምን እንደሚጨመርበት አብረን እናያለን።